እግር ወደመራው የመሄድ መብት

እግር ጉዞ ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች ምክራቸው አንድ ነው፦ ከቤትህ ውጣ፣ እግርህ ወደመራህ ሂድ፣ ከተማው ራሱ ይገለጥልሃል። ቀለም የለ፣ ሸራ የለ፤ እግር ያለው ሁሉ ከያኒ መሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን አልቀበልም። እግር ሁሉም አለው፤ ያለ ጉዳይ የመዞር ነጻነት ያለው ግን ጥቂቱ ነው።

ይህን የመዞር ዘዴ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ በጽሑፍ ያስፋፋው ጊ ደቦር ነው። የደቦር ቡድን ባልደረባ የነበረው አልጄሪያዊው አብደልሃፊድ ኻቲብ በ1958 ሌ አል የተባለውን የገበያ ሰፈር በዚሁ ዘዴ ሊያጠና ተነሣ። ሌ አል ሌሊት የሚነቃ የጅምላ ምግብ ገበያ ነበር። ፖሊስ ግን በአልጄሪያ ጦርነት ሳቢያ ሰሜን አፍሪካውያን ከምሽቱ 3፡30 በኋላ መንገድ ላይ እንዳይታዩ ከልክሎ ነበር። ኻቲብ ሁለት ጊዜ ተይዞ ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ፤ ጥናቱንም ሳይጨርስ ተወው። ጓደኞቹን ጥበበኛ ያሰኘው አካሄድ እሱን ተጠርጣሪ አደረገው።

በ1969 ደግሞ ከያኒው ቪቶ አኮንቺ ኒውዮርክ ውስጥ የማያውቃቸውን ሰዎች፣ የግል ቦታ እስኪገቡ ድረስ፣ እየተከተለ ሥራውን በማስታወሻ መዘገበ። ዛሬ በጥበብ ታሪክ በክብር ይነሣል። እኔ ግን ስለዚህ ሥራ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው እኅቴን ነው። ማታ ከታክሲ ወርዳ ጨለማውን ቅያስ ስትገባ፣ ማንም ሳይደውልላት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቱልኝ» እያለች ትፈጥናለች። ከኋላዋ የሚሰማት ኮቴ የከያኒ ይሁን የሌባ በምን ትለየዋለች?

ጉዞው ራሱ እንዲህ ያለውን ግፍ ያጋልጣል የሚሉ አሉ። ያጋልጣል፤ ተጓዡ ማን እንደተከለከለ፣ ማን እንደፈራ ከጻፈ ብቻ። ብዙው ግን ስለ ራሱ ስሜት ጽፎ ይመለሳል፤ ማንም ያላስቆመው ሰው መንገዱ ለሁሉም ክፍት ይመስለዋል።

የኻቲብ ጥናት በቡድኑ መጽሔት ሲወጣ፣ ለምን እንደጎደለ የሚገልጽ ማስታወሻ አብሮት ታትሟል፦ ክልከላው፣ እስሩ፣ ሁለቱ ሌሊት። እግር ጉዞን ጥበብ ብሎ የሚያቀርብ ሁሉ ከዚህ ማስታወሻ ይጀምር። ስለዚያች ከተማ ከጉዞው ይልቅ ብዙ የነገረን የተቋረጠበት ምክንያት ነው።