ያረጀ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ የሚለወጠው መቼ ነው

በሐረር ጀጎል ውስጥ በመኪና ግርግር ያለፈ ሰው፤ ልብስ ሰፊዎቹ አሮጌውን የስፌት መኪና በእግራቸው እየረገጡ ሲሠሩ ያያል፤ የመንገዱም ስም ከዚሁ ድምፅ የወጣ ነው። ባለሙያው መኪናው ሲከብደው አስቀድሞ ጠፍሩን ይመረምራል፤ ዘይት ያጠጣል፤ መርፌ ይለውጣል። እኔ ግን በቤቴ ባለው ኮምፒዩተር ነገር የወር ደመወዜን በከንቱ ላወጣ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ይኸው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢንቴል 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፤ 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበት ነው። ሴት ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ለመክፈት ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ትጠብቅ ነበርና «አባባ፤ ይህ ዕቃ አርጅቷል» አለችኝ። የጠየቅነውም ሻጭ ፕሮሰሰሩን በ7ኛ ትውልድ ለውጡ ብሎ መከረን፤ እኔም ተስማማሁ። ባለቤቴ ግን «በመጀመሪያ የታመመው የትኛው ብልቱ እንደ ሆነ ይታወቅ» አለች። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያሳለፍኩ ሰው ምስክር ሳልሰማ መፍረዴ ያን ጊዜ ታየኝ።

ልጄ ኮንትሮል፤ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭና ታስክ ማኔጀርን ከፈተች። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል፤ ራሙም ሞልቷል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከኃይሉ አምስተኛውን እንኳ አልሠራም። ስለዚህ ጥፋቱ የርሱ አይዶለም፤ ጭቃና ድንጋይ የሚያቀብለው አጥቶ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ግንበኛ ነበረ። ሽፋኑን ብናነሣ ማራገቢያው በአቧራ ተሸፍኖ አገኘነው፤ ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና ይህንም ጠረግን። ከዚያ በኋላ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ኤስ ኤስ ዲ አስገባን፤ ራሙንም ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግን። አሁን ጽሑፉ የሚከፈተው ቡናው ገና ሳይታጠብ ነው።

ፕሮሰሰሩ በእውነት የሚወቀስበት ጊዜ መኖሩን አልክድም፤ ይኸውም ዲስኩና ራሙ ሳይጨነቁ እርሱ ብቻውን በየዕለቱ ሥራ መቶ በመቶ ተይዞ ሲገኝ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላ ቀጠሮ ደርሶብናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፤ ከጥቂቶች በቀር፤ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ሻጩ የመከረንን 7ኛውን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ወጥቶ ከደጅ ቆመን በቀረን። 8ኛውም ቢሆን የመገናኛ ነጥቦቹ ቁጥር እንደ ፊተኛው 1151 ሆኖ ሳለ በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ እንዲሠራ አልተበጀም፤ ስለዚህ አንዱን ለመለወጥ ሁለቱን መግዛት ሊያስፈልግ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደ ወጣ አንባቢ ያውቀዋል።

እኛም ልጄ እስክትመረቅ ድረስ ያለ ክፍያ በሚገኘው በሊኑክስ እንድትሠራ ተስማምተናል። ከደመወዜ የተረፈውን ባለቤቴ ወስዳ ቆልፋበታለች፤ 8ኛ ትውልድ ያለበት ያገለገለ ሙሉ ኮምፒዩተር ሲገኝ ቁልፉን እንደምትሰጠኝ ነግራኛለች።