ድንበር የማያውቅ ሞገድ

በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ በኩል ቡቲዬ የሚባል ቀበሌ አለ። ከዚያም የኢትዮጵያይቱ ሞያሌ ቅርብ ናት። የሁለቱ ሞያሌዎች ሕዝብ በቋንቋ፣ በጋብቻና በገበያ የተሳሰረ ነው። ወሰኑ በኅዳር ወር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል ተደነገገ፤ ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላም በሰኔ ወር 1962 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስለዚሁ ወሰን ተፈራርመዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ውሎች የሚናገሩት ስለ ምድር ነው፤ በአየር ላይ ለሚሄደው ሞገድ ሌላ ሕግ ያስፈልገዋል።

ሞገድ ማለት፣ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት ክቡራን አንባብያን እንግለጽና፣ በመጀመሪያ ፍቺው በባሕር ላይ የሚነሣው የውሃ እንቅስቃሴ ነው። ዘመናዊው ሳይንስ ስሙን ተውሶ ድምፅንና ሥዕልን ያለ ሽቦ ተሸክሞ ለሚሄደው ኃይል ሰጠው። ሞገዱን የሚረጨው ረጅም የብረት ተክል ደግሞ ማማ ይባላል። ማማ ገበሬው ሰብሉን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ የሚወጣበት የእንጨት ቆጥ ነው። ስሙ ለብረቱም መልካም ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁለቱም ከፍ ብለው ሩቅ ይደርሳሉና።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር በተዘረጋ ሽቦ ነበር። ሥራውን የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድም በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ሽቦውን የዘረጋው መንግሥት መጨረሻው የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። የማማ ሞገድ ግን ወሰን ላይ ደርሶ አይቆምም።

በዚህም ምክንያት በወሰን አጠገብ የሚኖር ሰው ስልኩ የራሱ ኩባንያ ሞገድ ሲደክምበት የማዶውን ይይዛል። ሮሚንግ የተፈቀደለት ከሆነ ከቤቱ ሳይወጣ እንደ መንገደኛ ይከፍላል። ከዚህ የሚብሰው ግን የጥሪው ነገር ነው። በቡቲዬ ያለች እናት ማዶ የተዳረችው ልጇ ምጥ ይዟት እንደሆነ ለመጠየቅ በኬንያ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ብትደውል፣ ጥሪው የዓለም አቀፍ ጥሪ ነው። ወደ ዓለም አቀፍ ማዞሪያ ርቆ ሄዶ ይመለሳል፤ ሒሳቡም እንዲሁ ነው። በእግር ለሚደረስበት ቤት ይህን ማስከፈል ተገቢ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሕዝቡም የራሱን መፍትሔ ፈልጓል፤ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዘው ብዙ ነው። በኬንያ ኤምፔሳ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብን በስልክ ያስተላልፋሉ። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ በዚያው ዓመት ኤምፔሳን አስከትሏል። ሆኖም ስሙ አንድ ቢሆን፣ የአንዱ ሒሳብ በሽልንግ፣ የሌላው በብር ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መሥመሯ በጎረቤቶቿ በኩል ያልፋል፤ በ2001 ዓ.ም. ሞምባሳ የደረሱት የባሕር ውስጥ ገመዶችም ለዚህ ጠቅመዋል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠ ጊዜ ግን፣ በሞያሌ አንደኛው ወገን ሲናገር ሌላው ዝም ያለበት ወቅት ሆኗል።

ስለ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሞገድ መንግሥታት አስቀድመው መክረዋል። መቀመጫው በጄኔቫ የሆነው የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ዓ.ም. ባካሄደው ጉባኤ የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች የዲጂታል ስርጭት ሞገዶችን ተከፋፈሉ፤ ኬንያም በ2007 ዓ.ም. የቀድሞውን የቴሌቪዥን ስርጭት ዘጋች። በዚያው ዓመት ኬንያ፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳ በመካከላቸው የሚደረገውን የስልክ ጥሪ ዋጋ ቀንሰዋል፤ ኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት አልነበረችበትም። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በሞያሌ የጋራ የኬላ አገልግሎት በሁለቱ መሪዎች ሲመረቅ መንገደኛው በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲስተናገድ ታስቧል። ለጥሪውም እንዲሁ ቢታሰብለት የሚጎዳ አይመስለንም።

እስከዚያው ግን ከቡቲዬ ወደ ማዶ የሚደውል ሰው የመደመር ምልክትና 251 አስቀድሞ፣ ከቁጥሩ መጀመሪያ ያለውን ዜሮ ይተው። ከማዶ ወደ ቡቲዬ የሚደውለውም 254 ይበል። ሮሚንግ የማይፈልግ በስልኩ ውስጥ ይዝጋው፤ አውታሩንም ራሱ ይምረጥ።