«ብርድ ነው» የተባለው የጎን ውጋት

የኩላሊት ኢንፌክሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሽንት ሲያቃጥል፣ ጎን ሲወጋና ትኩሳት ሲነሣ ነው። ይህ በጊዜው ከታከመ በአብዛኛው ይድናል። በዚህ ወር የማወጋችሁ ግን እየተመላለሰ ዓመታት ስለሚያስቆጥረው ነው።

አክስቴ ግራ ጎናቸውን መታመም ከጀመሩ አራት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። «ብርድ ነው» ይላሉ፤ እኛም ብርድ ነው አልን። ሲብስባቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንክብል የምገዛላቸው እኔ ነበርኩ፤ ተማርኩ የምለው! ሁለት ሦስት ቀን ወስደው ሲሻላቸው የቀረውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡታል። በረመዷን ትኩሳት ይዟቸው እንኳ ፆማቸውን አላፈረሱም። ቁርኣን ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲከፍል መፍቀዱን ጠፍቷቸው አይደለም።

በመጨረሻ ከስተው፣ ጎናቸው ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ሲወጣ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ፎቶው ሲታይ «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ተባለ። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ኩላሊቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር ግን ካንሰር አልነበረም፤ ዛንቶግራኑሎማተስ ፓይሎኔፍራይተስ የሚባል፣ ሐኪሞችን እንኳ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገጥማቸው ሕመም ነው።

ስሙ ምላስ ቢያስርም ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። «ዛንቶ» በግሪክኛ ቢጫ ማለት ነው። ባክቴሪያውን ሊያጠፉ የመጡት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት በስብ ተሞልተው ቢጫ ክምር ይሠራሉ፤ ክምሩም የኩላሊቱን ሥጋ ቀስ በቀስ እየበላ በቦታው ይተካል። ዕጢ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1916 ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል።

ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ጠጠር አለ። ፕሮቴውስ የተባለው ባክቴሪያ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብሮ አሞኒያ ያመነጫል፤ ሽንቱ አሲድነቱን ሲያጣ ማግኒዥየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ተጋግረው እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያለው ጠጠር ይሆናሉ። ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ ይደበቃል። የእኔ እንክብሎች ትኩሳቱን እያበረዱ ሥሩን ሳይነኩት የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎችም አሉ። መግል በኩላሊቱ ዙሪያ ሊጠራቀም፣ አልፎም ወደ አንጀት ወይም ወደ ቆዳ ቀዳዳ ሊያበጅ ይችላል። ለዓመታት ያልጠፋ ብግነት አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በሰውነት ክፍሎች ውስጥ አስቀምጦ ደህናውን ኩላሊት ጭምር ሊጎዳ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ባክቴሪያው ኩላሊቱ ውስጥ ጋዝ የሚሠራበት ዓይነት አለና። እሱ ለነገ የማይባል፣ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው።

የጎን ውጋትና ትኩሳት ከተመላለሰባችሁ የሽንት ካልቸርና አልትራሳውንድ እንዲታዘዝላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። አክስቴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በአንዱ ኩላሊታቸው ደህና ናቸው። ባለፈው ረመዷን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ፆም አልያዙም። ሣጥናቸውን ስናጸዳ ግን ያስቀመጧቸው እንክብሎች በአራት ዓይነት ቀለም ወጡ፤ ሦስቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።