«ትርፍ ናት» የተባለችው ክዳን

«ይቺ ትርፍ ናት፤ ብትነሳም ምንም አይሆንም።» ይህን ፍርድ በዚህ ሳምንትም ሰማሁት። የተፈረደባት ዕቃ በአንድ ወዳጄ አሮጌ ላንድክሩዘር የናፍጣ ፖምፓ አናት ላይ በአራት ብሎን የታሰረች፣ የቡና ሲኒ የምታህል የብረት ክዳን ናት። ዓምዱን የምትከታተሉ ከዚህ «ትርፍ» ከሚሉት ነገር ጋር ያለኝን ጠብ ታውቃላችሁ። ቴርሞስታት እያወለቁ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ከሚሉት ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! አሁን ደግሞ ጣጣው ወደ ነዳጁ መጣ።

መኪናው በፈረንጆቹ 1990 መውጣት የጀመረው 80 ሲሪስ ነው፤ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ቱርቦው 1ኤችዲ-ቲ። ወዳጄ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ጉልበት አጣ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጥም መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ቀረ፤ ጭነት የሞላ አይሱዙ ሳይቀር አልፎት ሄደ። አዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ጋራዥ «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር» አለው። ሁለተኛው ፖምፓው ካልተፈታ አለ። ክዳኗን ትርፍ ያላትም ይኸው ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው ጋራዥ ስንሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ። ገና ጢሙን እያበቀለ ያለ ልጅ ኮፈኑን ከፈተ። ካቻቢቴ አላነሳም። በስልኩ መብራት ክዳኗን አገላብጦ አየና ከጎኗ የምትወጣውን ቀጭን ጎማ በጣቱ እየዳበሰ ተከተላት። «ጋሼ፣ ይቺ ጎማ ከየት ነው የምትመጣው?» ብሎ ወዳጄን ጠየቀው። ወዳጄ አያውቅም። ልጁ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ጫፏን ሲስባት ዝገት የበላው ብሎን ተወትፎባት ወጣች። ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መሄድ የነበረባት ጎማ ናት። ድሮ ተሰንጥቃ ኖሮ፣ አንዱ ቆርጦ በብሎን ደፍኗታል፤ የማኒፎልዱንም አፍ እንዲሁ።

የክዳኗ ሥራ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ቱርቦ በጭሱ ጉልበት እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። አየር በበዛ ቁጥር ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል። ችግሩ፣ ናፍጣው እግር እንደነካው ሲደርስ አየሩ ግን ቱርቦው እስኪፈጥን ይዘገያል። በዚያች መሃል አየር ሳያገኝ የገባው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ክዳኗ ሥር ስስ ዲያፍራም አለ፤ ከሥሩም ሞላና ጎኑ እየሾጠጠ የሚሄድ ዘንግ። የተጨመቀው አየር በቀጭኗ ጎማ መጥቶ ዲያፍራሙን ሲጫነው ዘንጉ ወደ ታች ይወርዳል። በዘንጉ ጎን የተደገፈች ትንሽ ማንሻም አብራ ትንቀሳቀስና ፖምፓው ለመጣው አየር የሚመጥን ናፍጣ ይጨምራል። አየሩ ሲቀንስ ሞላው ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኮምፒውተር የለ፣ ሽቦ የለ። ጎማዋ ስትደፈን ታዲያ አየሩ ዲያፍራሙ ዘንድ አይደርስም፤ ፖምፓውም ናፍጣውን እንደቆጠበ ይቀራል። ደጀን ዳገት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሞቷል የተባለው ቱርቦ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ልጁ አዲስ ጎማ ከመግጠሙ በፊት በክዳኗ አፍ በኩል ነፋባት። አየሩ ሾልኮ ቢያልፍ ኖሮ ዲያፍራሙ ተቀዷል ማለት ነበር፤ አላለፈም። ክዳኗን አልከፈታትም። ቢከፍታት እንኳ ዲያፍራሙ የተቀመጠበትን አቅጣጫ ምልክት ሳያደርግ እንደማያነሳው ነገረን፤ ዘንጉ ዙሪያውን እኩል ስላልተሞረደ ጥቂት ዞሮ ከተቀመጠ የናፍጣው ልክ ይዛባል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የማያውቁትን ዕቃ ለማወቅ የሚገባባትንና የሚወጣባትን መከተል ነው። እንዲህ ባለ አሮጌ ፖምፓ ላይ አንዲት ሽቦ ብቻ የምትገባባት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቁልፍ ሲጠፋ ናፍጣውን የምትዘጋው ሶሌኖይድ ናት። የራዲያተር ውሃ ወደ ናፍጣ ፖምፓ ሲሄድ ያየ ሰውም መደንገጥ የለበትም፤ ውስጡ ያለው ሰም በውሃው ሙቀት እየተለጠጠ ሞተሩ በብርድ ሲነሳ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ያነሳል። ፊልትሮው ግርጌ ያለችው ሽቦ ደግሞ ውሃ ሲጠራቀም ዳሽቦርድ ላይ መብራት ታበራለች። ቁጥርም አለ። በቶዮታ መለዋወጫ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 22100 ፖምፓ፣ 23390 የናፍጣ ፊልትሮ፣ 17201 ቱርቦ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ «እንዲህ ክብ የሆነች» እያሉ በእጅ ከማሳየት ቁጥሩን ጽፎ መሄድ ስንት ድካም ያቀላል።

እኔን የሚያናድዱኝ ግን ጉልበት አነሰ ሲባሉ ምክንያቱን ሳይፈልጉ የፖምፓውን የናፍጣ መጨመሪያ ብሎን የሚጠመዝዙት ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል። ለዚሁ ሲባል አየሩ በሳሳ ቁጥር ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ የተገጠመላቸው ፖምፓዎች አሉ። እሷንም «ትርፍ» እያሉ ያወልቋታል! ተቃጥሎ ያላለቀው ናፍጣ ፒስቶኑን ያግላል፤ ጭሱም ዳገት ዳር ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ እናት ደረት ውስጥ ይገባል። መኪናው የባለቤቱ ነው፤ አየሩ ግን የእሷም ነው።

«ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ የአሮጌ ፖምፓ ትምህርት ለማን ይጠቅማል?» የሚሉኝ አሉ። አዲስ ካልገባ ያለው ነው የሚቆየው። እነዚህ ላንድክሩዘሮች ገና ብዙ ዓመት የዓባይን በረሃ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። የሚያውቋቸው አንጋፋ የፖምፓ ባለሙያዎች ግን እያረጁ ነው፤ እውቀታቸውም ከአፍ ወደ ጆሮ ካልሆነ የተጻፈበት ቦታ እምብዛም የለም።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራንን እለምናለሁ፤ ያረጀ ባለ ቱርቦ ፖምፓ ፈልጉና ለሁለት ሰንጥቃችሁ ተማሪዎቹ ፊት አስቀምጡት። የመኪና ባለቤቶችም «ትርፍ ናት» ስትባሉ ዕቃዋ ከመነሳቷ በፊት ጎማዋ ከየት መጥታ ወዴት እንደምትሄድ መካኒኩ በጣቱ ያሳያችሁ። ማሳየት ካልቻለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።