አውራ ጎዳናና በዳሩ ያሉ ትንንሽ ከተሞች

መንገድ በተሠራበት ስፍራ ሁሉ ከተማ መቆርቆሩ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን መንገዱ ስላለፈበት ብቻ ከተማው ይለመልማል ማለት አይደለም፤ የሚያለመልመው የመንገደኛው መቆም ነውና።

ይህንንም ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው ጎዳና ላይ መመልከት ይቻላል። ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ገብረ ጉራቻና ጎሐ ጽዮን ከዓባይ ወዲህ፣ ደጀንና ሉማሜ ከዓባይ ማዶ ይገኛሉ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከደጋው አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ቆላው ወርዶ እንደ ገና ያንኑ ያህል የሚወጣ ነው። ስለዚህ ከባድ ጭነት የያዘ ካሚዮን ቁልቁለቱን ሳይጀምር ፍሬኑን ለመመርመር፣ ዳገቱንም ከጨረሰ በኋላ ሞተሩን ለማብረድ ይቆማል። ሾፌሩና ረዳቱ ምሳ ይበላሉ፤ ከመሸም ያድራሉ። የሁለቱ ከተሞች ኑሮ አንዱ ምንጭ ይኸው ማረፊያነታቸው ነው።

ቀድሞ ዓባይ በክረምት ሲሞላ የሲራራ ነጋዴ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን በጃፓን መንግሥት ርዳታ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ክረምት ከበጋ ያሻግራል። ሆኖም መንገድ የሰጠውን መልሶ ሊነሣ መቻሉን መዘንጋት አይገባም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዓባይ ማዶ የመጡ ነጋዴዎች ይገናኙበት የነበረው የባሶ ገበያ በጎጃም ስመ ጥር ነበር፤ የንግዱ መሄጃ ከተለወጠ ወዲህ ግን የገበያው ስፍራ የጁቤ ከአውራ ጎዳናው ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት።

ከሁሉ ይልቅ መንገደኛን የሚያርቀው ፍርሃት ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. አብዛኞቹ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ከ100 በላይ መንገደኞች በገብረ ጉራቻ አጠገብ ታግተው፣ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሾፌር ሳይቆም ያልፋል፤ ወይም ጉዞውን ጨርሶ ይተዋል። ከታገቱትና ከቤተ ሰቦቻቸው መከራ ቀጥሎ ጉዳቱ የሚያርፈው በመንገዱ ዳር በሚኖሩት ላይ ነው። እንጀራ ጋግራ መንገደኛ የምትጠብቀው ሴት፣ ጎማ የሚለጥፈው ወጣት፣ ጤፉን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ካሚዮን የሚሻው ገበሬ ሁሉም ይከስራሉ።

እንግዲህ የዚህን ጎዳና ጸጥታ ማስከበር የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ክረምት የሚንደውን አፈር በጊዜው መጥረግና የውሃ መውረጃዎቹን መጠበቅም ከዚያ የሚከተል ሥራ ነው። ከተሞቹ በበኩላቸው ገበያቸውን ከአስፋልቱ ፈቀቅ አድርገው ሰውንና ከብትን ከአደጋ ሊያድኑ፣ የአገሩን እህልም አስፈጭተውና አሰናድተው ሊሸጡ ይገባቸዋል። መኪና እየፈጠነ በሄደ ቁጥር ለዕረፍት የሚቆመው ማነሱ አይቀርምና፣ መንገደኛው ፈልጎ የሚቆምበትን ነገር ከወዲሁ ማዘጋጀት ያሻል።