የሱቅ ስም በኪሎ ስንት ነው?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ወሬው ከአገር ቤት ፖለቲካ ተነስቶ አስቤዛ ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዷ «ለልጆቼ ከሆል ፉድስ ውጪ አልገዛም» ትላለች። ሌላዋ ከአፏ ነጥቃ «ትሬደር ጆስ እያለልሽ? ገንዘብ ተርፎሻል ማለት ነው!» ትላታለች። ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቱንም ንቆ፣ እውነተኛ ኦርጋኒክ ያለው ሞምስ ብቻ ነው ብሎ ይፈርዳል። ቶናው ሲቀዳ ጨዋታው የቡናና የጊዮርጊስ ክለብ ደጋፊዎች ሙግት ሆኖ ያርፈዋል። ሁሉም ማልያውን ለብሷል። ባለፈው ሳምንት ምስር በስንት እንደገዛ የሚያስታውስ ግን የለም።

እንዲህ በማልያ መሸመት ብልህነት መስሎ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ሱቁን መርጦ የገባ ሰው ምግቡንም የመረጠ ይመስለዋል፤ በሩን አልፎ ከገባ በኋላ መለያ አያነብም፣ ዋጋ አያነጻጽርም። መርካቶ ቢሆን ይኸው ሰው በርበሬውን ሰብሮ ያሸታል፣ ቅቤውን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ይቀምሳል፣ ሦስት አራት ሱቅ ዞሮ ካልተከራከረ ከኪሱ ሳንቲም አያወጣም። ያ ሁሉ ጥርጣሬ አትላንቲክን ሲሻገር የት ገባ?

ሱቆቹ ስማቸውን በትጋት ገንብተዋል፤ እያንዳንዱም የሚተረክ የልደት ታሪክ አለው። ሆል ፉድስ እ.ኤ.አ. በ1980 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ ሁለት ትናንሽ የተፈጥሮ ምግብ ሱቆች ተዋህደው የተወለደ ነው፤ በዓመቱ ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው ደንበኞችና ጎረቤቶች መጥተው ጭቃውን አብረው ጠርገዋል። ትሬደር ጆስን ጆ ኩሎም በ1967 በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከፈተው። ሞምስን ስኮት ናሽ በ1987 እዚያው ሜሪላንድ፣ እናቱ ጋራዥ ውስጥ ጀመረው። ስፕራውትስ ከሁሉም ታናሽ ነው፤ በ2002 አሪዞና ውስጥ ተቋቋመ። ታሪኮቹ እውነት ናቸው። ሆኖም ጎረቤት ጭቃውን የጠረገለት ሆል ፉድስ ዛሬ የአማዞን ንብረት ነው፤ በ2017 በ13.7 ቢሊዮን ዶላር ተሽጧል። የሃዋይ ሸሚዝ የለበሱ ሠራተኞች ደንበኛውን እንደ ጎረቤት የሚያጫውቱበት ትሬደር ጆስም በ1979 ለአልዲ ኖርድ ባለቤት፣ ለጀርመናዊው ቲዮ አልብሬክት ተሸጦ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ነው። ባለሀብት መሆን ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ሸማቹ አሁንም የሚከፍለው ለሰፈር ሱቅ የሚከፍል እየመሰለው ነው።

የዚህ ንግድ ምሰሶ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ስለ ቃሉ የሕዝብ አስተያየት ሰብስቦ ነበር፤ ይሁንና ትርጉሙን የሚወስን ደንብ አላወጣም። ያለው «ሰው ሠራሽ ነገር አልተጨመረበትም» የሚል ልል መመሪያ ነው። እህሉ እንዴት እንደተመረተ፣ ምን እንደተረጨበት የሚናገረው ነገር የለም። «ኦርጋኒክ» ግን ሕግ አለው። በ1990 አዋጅ ወጣለት፣ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የግብርና ሚኒስቴር ማኅተም አለው፤ ተቆጣጣሪ እርሻው ድረስ ሄዶ ያየዋል። ማኅተሙን የሚለጥፍ ምርት፣ ውሃና ጨው ሳይቆጠሩ፣ ቢያንስ 95 ከመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። አንዱ ቃል ዋስ አለው፣ ሌላው ዋስ የለውም። መደርደሪያው ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ተጽፈው ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ዶሮ ወጥ ሊሠራ ወደ ሥጋው ክፍል የሄደ ሰው «ሆርሞን ያልተሰጠው» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ደስ ብሎትም ሁለት ሦስት ዶላር ይጨምራል። ዓይኑን ወደ ታች ቢያወርድ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ የፌዴራል ደንብ ለዶሮ ሆርሞን መስጠትን እንደሚከለክል ተጽፎ ያገኛል። አምራቹ ይህን እንዲጽፍ ግዴታ አለበት። ክልከላው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ በመሆኑ፣ ርካሹ ሱፐርማርኬት ያለችው ዶሮም ሆርሞን አልቀመሰችም። እርጎና ብስኩት ላይ ደግሞ ለዓመታት «የተነነ የሸንኮራ ጭማቂ» የሚባል ነገር ይጻፍ ነበር። በ2016 መንግሥት ቃሉ አሳሳች እንደሆነ አስታወቀ፤ ነገሩ ስኳር ነው፣ ስኳር ተብሎ ይጻፍ አለ። ከሁሉም የሚያስቀው ግን «ዘረ መሉ ያልተለወጠ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ጨው ነው። ጨው አይዘራ፣ አይታጨድ፣ ምን ዘር ኖሮት ይለወጣል?

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ሐበሻውን ይበልጥ የሚይዝበት ምክንያት አለ። ከበርበሬው የሸክላ ዱቄት፣ ከእንጀራው ጀሶና ሰጋቱራ፣ ከማሩ ስኳር፣ ከቅቤው ሙዝ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና እየሰማ ያደገ ሰው ነው። ለእሱ «ኦርጋኒክ» ማለት ባዕድ ነገር ያልገባበት፣ ንጹሕ ማለት ነው። የአሜሪካው ማኅተም ግን ስለ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፀረ ተባይ፣ ስለ ከብቱ ቀለብ። ተራው ምስርም ቢሆን ጠጠር የተቀላቀለበት አይደለም። በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን አገናዝበው፣ ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይዘቱ ከሌላው ጉልህ ብልጫ እንደሌለው፣ የፀረ ተባይ ቅሪት የሚገኝበት ዕድል ግን ያነሰ እንደሆነ አሳይተዋል። ለሕፃን ልጇ እንጆሪ የምትገዛ እናት በዚህ ተመርታ ገንዘብ ብትጨምር ምክንያት አላት። ኦርጋኒክ ስኳር ስለሆነ ብላ ሁለት ማንኪያ ብትጨምር ግን ምክንያት የላትም።

ባዕድ ነገርን የሚፈራው ሸማች ሌላውን የገበያ ክፋት፣ የሚዛን ስርቆትን፣ ያውቀዋል። በ2015 የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከሆል ፉድስ ሱቆች 80 ዓይነት የታሸጉ ምግቦችን መዝኖ፣ በሁሉም ዓይነት ላይ የተሳሳተ ክብደት አገኘ። በኮኮናት የተጠበሰ ሽሪምፕ ያለበት አንድ እሽግ ደንበኛውን 14.84 ዶላር ያለአግባብ ያስከፍል ነበር። የኩባንያው ሁለት ዋና ሥራ አስኪያጆች በቪዲዮ ቀርበው ስህተት መሥራታቸውን አመኑ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው ለከተማዋ 500,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኩባንያው ሱቅ ሦስት አገዳ አስፓራገስ የተነከረበት ውሃ በ5.99 ዶላር አቅርቦ የአገር መሳቂያ ሆነ። ኩባንያው ውሃው በስህተት የተዘጋጀ ነው ብሎ ከመደርደሪያ አነሳው። ሦስት አታክልት ውሃ ውስጥ ነክሮ ስድስት ዶላር የሚጠይቅ ነጋዴ መርካቶ ቢገኝ በሳቅ የሚባረር ነበር።

የትሬደር ጆስ ወገን ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ «እኛ አልተሞኘንም» ባይ ነው። የእሱም ማልያ ግን ሽንቁር አለው። ሱቁ ሙዝን በክብደት ሳይሆን በፍሬ ይሸጣል። ለሃያ ዓመታት ያህል አንዱን በ19 ሳንቲም ሸጦ፣ በ2024 ወደ 23 ሳንቲም አሳደገው። «23 ሳንቲም!» ሲባል ነፃ ይመስላል። መካከለኛ ሙዝ ሦስቱ አንድ ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝኑ ፓውንዱ ወደ 69 ሳንቲም ይደርሳል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከተሞች የአንድ ፓውንድ ሙዝ አማካይ ዋጋ 62 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ትልልቁን የመረጠ ያተርፋል፣ ለልጅ ምሳ ዕቃ ትንንሹን የመረጠ ከተራው ሱፐርማርኬት የበለጠ ይከፍላል።

ከምርቶቹ አብዛኞቹ የሱቁን ስም ብቻ የለበሱ ናቸው፤ አምራቹ አይጻፍባቸውም። በ2016 ሳልሞኔላ ባክቴሪያ የተጠረጠረበት ፒስታቺዮ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ የትሬደር ጆስ እሽግ የወጣው በየሱቁ በራሱ ስም ከሚሸጠው ከትልቁ የዎንደርፉል ኩባንያ እንደሆነ ታወቀ። ዕቃው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ልዩ ነው ተብሎ የሚወደደው ነገር ጎረቤት ሱቅ በሌላ ልብስ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው።

ከስሞቹ ጀርባ ያለው መንገድም አንድ ነው። ጥንቸል የተሳለበትን የአኒስ ማካሮኒ ጄኔራል ሚልስ በ2014 ገዝቶታል። ካሺ በ2000 በኬሎግ ሥር ገባ፤ «ተፈጥሯዊ» የሥጋ ምርት የሚሸጠውን አፕልጌትን ሆርሜል በ2015 ወሰደው። ለሆል ፉድስ ዋና አቅራቢ የሆነው ዩናይትድ ናቹራል ፉድስ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሌሎች ሱቆችም ያከፋፍላል። በጁን 2025 የኮምፒውተር ጥቃት ሲደርስበት ብዙ የሆል ፉድስ መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ፣ ሌሎች ደንበኞቹም አብረው ተቸገሩ። ቡና ላይ የሚጣሉት ሰዎች ዕቃ በአንድ መኪና ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሐበሻውን ሊያነቃው የሚገባው ግን የጤፍ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ጤፍ ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ አይዳሆ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰው ዌይን ካርልሰን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያመርተው የመጀመሪያ ደንበኞቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ነበሩ። ዛሬም በሐበሻ ሱቅ ባለ 25 ፓውንድ ከረጢት ይገኛል። ያው እህል በተፈጥሮ ምግብ ሱቆች «ጥንታዊ እህል»፣ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ከአንድ ፓውንድ ብዙም በማትበልጥ ከረጢት ይሸጣል። ግሉተን አልነበረውም፣ የለውም፤ ጥንትም ጤፍ ነበር። ማዕረጉን ያወጣው ሻጭ ዋጋውን በአውንስ ከፋፍሎ ያስከፍላል። በርበሬም እንደዚሁ፤ የጣት ቁመት ባላት ጠርሙስ ገብታ እንደ ሽቶ ትሸጣለች።

ሱቆቹ ጥሩ ነገር የላቸውም ማለት ግፍ ይሆናል። ሞምስና በ1955 ኮሎራዶ ውስጥ የተጀመረው ናቹራል ግሮሰርስ ኦርጋኒክ ያልሆነ አታክልትና ፍራፍሬ አይሸጡም፤ ያንን ለሚፈልግ ሰው መለያ ከማንበብ ይገላግላሉ። ስፕራውትስ አታክልቱን መሐል ወለል ላይ ያደርጋል፤ ከትልልቅ ሣጥኖች እየሰፈሩ የሚወስዱት እህልና ለውዝ አለው፣ ከእሽግ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ትሬደር ጆስ ጥቂት ሺህ ዕቃ ብቻ ይዞ፣ የአባልነት ካርድ ሳይጠይቅ፣ ብዙ ነገር በእርግጥም በርካሽ ይሸጣል፤ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ግን በብዛት በፕላስቲክ አሽጎ ስለሚሸጥ፣ ለድግስ አሥር ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ቤት አይመቸውም። ሆል ፉድስ እንደ ማጣፈጫና ማቅለሚያ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችን ከመደርደሪያው አግዷል፤ ለጾም የሚሆን ወተትና ቅቤ ፍለጋ መለያ ማንበብ ለሰለቸው ጾመኛም ምርጫው ሰፊ ነው። አንዱ በአንዱ ዕቃ ይሻላል፣ ሌላው በሌላው። በሁሉም የሚሻል የለም፤ ማልያ የሚያስለብስ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ዳኛው ያለው መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ነው። ከዋናው ዋጋ አጠገብ፣ አነስ ባለ ጽሑፍ፣ ዕቃው በአንድ ፓውንድ ወይም በአንድ አውንስ ስንት እንደሚወድቅ ይገለጻል። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ይህ እንዲጻፍ በሕግ ያስገድዳሉ። የጠርሙሱ ቅርጽ፣ የእርሻው ሥዕል፣ የገበሬው ፈገግታ እዚያ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። «ኦርጋኒክ» የሚለውን ማኅተም የሚፈልግ ሰውም ማኅተሙ ያለባቸውን ሁለት ዕቃዎች በዚሁ ቁጥር ያወዳድር። የትኛው ሱቅ እንደሚወደድ ያኔ ዕቃ በዕቃ ይለያል፤ ምስሩ አንዱ ጋ፣ እንቁላሉ ሌላው ጋ፣ ጤፉ ሐበሻ ሱቅ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የቡናው ሙግት ይቀጥል፤ ማንም አይከለክልም። ግን ተሟጋቾቹ ለአንድ ወር ያህል የአምስት ዕቃ ነጠላ ዋጋ፣ ማለትም የምስር፣ የሽንኩርት፣ የዘይት፣ የእንቁላልና የሩዝ፣ በየሄዱበት ሱቅ በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ይያዙና በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ። የመጀመሪያው ስኒ ሳይቀዳ ስልኮቹ ጠረጴዛ ላይ ይውጡ።