ሹመትና ገደል

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ፣ የቦረና ደጋ ሜዳ መስሎ ይሸኘውና ከገደሉ አፋፍ ድንገት ያደርሰዋል። የባለሥልጣንም ኑሮ አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ መሆኑን ታሪካችን ይመሰክራል።

ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከትልቅ ቤት ሳይወለዱ በችሎታቸው ቤተ መንግሥት የገቡ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋርም በእንግሊዝ አገር ስደትን የቀመሱ ሰው ነበሩ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም አዋጁን በስማቸው ያወጣ ነበር። ማኅተሙ በእጃቸው፣ የጃንሆይም ጆሮ በአጠገባቸው ስለ ነበረ፣ ሚኒስትሩም መኳንንቱም ደጅ ይጠናቸው ነበር።

በ1947 ዓ.ም. ግን ከሥልጣናቸው ተነሥተው ወደ አርሲ፣ ኋላም ወደ ጋሞ ጎፋ በአገረ ገዥነት ተላኩ። ክስ ተነቦ፣ መልስ ተሰምቶ፣ ፍርድ ተሰጥቶ አልነበረም። ደጅ ጠኚውም ፊቱን ወደ አዲሱ ባለጊዜ አዞረ።

ነገሩን ስንመረምረው፣ ያ ሁሉ ሥልጣን በአንድ ሰው ፈቃድ እንጂ በሕግ የተለካ አልነበረም። ስለዚህ ሲወጡ ወሰን፣ ሲወርዱም ዳኛ አላገኙም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ወጣቱ ሹምና የነገው ሹም ተማሪ «ሲሾም ሕግ ያላቆመ» ብሎ እንዲያርመው እንመክራለን። በሥልጣኑ ዘመን ለሌላው ያቆመው አጥር፣ ከአፋፉ በደረሰ ጊዜ ለራሱም መያዣ ይሆነዋልና።